ሁለት ጣት ከፍታ

ስፖርትስተር የምትባለው የሀርሊ ዴቪድሰን ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ መውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህችን ሞተር ብስክሌት የገዛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እንዳለች አይተዋትም። መጀመሪያ መስታወቷን ይቀይራል፤ ቀጥሎ ጭስ ማውጫዋን ያሳጥራል፤ ትንሽ ሰነባብቶ ደግሞ ዓይኑ የነዳጅ ሰልባትዮዋ ላይ ያርፋል። የሰልባትዮውን የፊት ጫፍ ከሻንሲው ላይ ሁለት ጣት ያህል ብድግ ያደርገዋል። በሳን ፍራንሲስኮ ስም ‹ፍሪስኮ› የሚባል የሞተር ብስክሌት አበጃጀት አለ፤ የዚያ ወዳጆችማ ሰልባትዮውን ሽቅብ ሰቅለው ነው የሚያስቀምጡት።

ለምን? ቢሉ፣ ያምራላ! በዚህ የተነሳ ፍጥነት አይጨምርም፤ ሰልባትዮው ትርፍ ጠብታ አይይዝም። ብቻ ሞተሩ ከላይ በኩል ገለጥ ይላል፣ ብስክሌቷም ሸንቀጥ ያለች ትመስላለች። ዕድሜዬን ስለ ግጥም ቤት መምቻ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ‹ምን ይጠቅማል?› ብዬ የመጠየቅ ድፍረቱ የለኝም። ለውበት መድከም የሰው ወግ ነው።

ጥያቄው ሌላ ነው። በምን ይነሳ? አንደኛው መንገድ መግዛት ነው። በፓኬት የታሸጉ መያዣ ብረቶች ከነረጃጅም ብሎኖቻቸውና ከመመሪያቸው ይሸጣሉ። ሁለተኛው መንገድ ጠፍጣፋ ብረት ሞርሳ ላይ ነክሶ፣ በሴጌቶ ቆርጦ፣ በትራፓኖ በስቶ፣ በሞረድ አለስልሶ ራስ መሥራት ነው። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በስልክ ያነሳልኝ ጉዳይ ይኸው ነበር። እርሱ ቁርጡን አውቋል፤ ራሱ ሊሠራው ነው።

«ጋሼ፣ የተገዛ ብረት የሰው ነው። በእጄ የሠራሁት ግን የኔ ነው።»

ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመውን የሮበርት ፒርሲግን ‹ዜን ኤንድ ዚ አርት ኦፍ ሞተርሳይክል ሜንተናንስ› ምስክር አድርጎ ጠራብኝ። በዚያ መጽሐፍ የተራኪው ጓደኛ ውድ የሆነች ቢ.ኤም.ደብሊው ሞተር ብስክሌት አለችው። መሪዋ እየላላ ያስቸግረዋል። ተራኪው ‹ከቢራ ቆርቆሮ ቁራጭ ቆርጠን ክፍተቱ ውስጥ እናስገባ› ሲለው ጓደኛው ቅር ይለዋል። ያቺን የመሰለች የጀርመን ማሽን በቢራ ቆርቆሮ! ተማሪዬ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ‹በእጅ የተሠራ ይበልጣል› የሚል ነው። እንዲህ የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው።

እኔ ግን ሌላ ነገር አነብበታለሁ። ተራኪው ልክ የሆነው በእጁ ስለሠራ አይደለም። የቆርቆሮውን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው፤ አልሙኒየም ለስላሳ መሆኑን፣ እርጥበት እንደማይጎዳው፣ ውፍረቱም ለዚያች ክፍተት እንደሚበቃ። ጓደኛው የቆርቆሮውን ስም ብቻ አየ፣ እርሱ ሥራውን አየ። እና አንተስ የብረትህን ጠባይ ጠይቀሃል ወይ? አልኩት። ዝም።

እስቲ አብረን እንጠይቅ። የቀድሞዋ ስፖርትስተር ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጋድመው የተቀመጡ ናቸው፤ ስትነሳ ነዝራ ነው የምትነሳው። እስከ 2003 ሞዴል ድረስ ደግሞ ሞተሩ ያለ ጎማ በቀጥታ ከሻንሲው ጋር የታሰረ ነው፤ የተማሪዬ ደግሞ በ1990ዎቹ የተሠራች ናት። ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚሸከመውን ክብደት፣ ሚሊዮን ጊዜ ሲንቀጠቀጥበት ሊሰበርበት ይችላል። ስንጥቁ የሚጀምረው ትራፓኖው ሻካራ አድርጎ ከተወው የቀዳዳ ጠርዝ፣ ሞረዱ ከጫረው መስመር፣ ወይም ብየዳው ካለቀበት ቦታ ነው። ቀለም ከተቀባ ደግሞ ማን ያየዋል? ሰልባትዮው ከሻንሲው በራቀ ቁጥር መያዣውን የሚያጎብጠው ኃይል ይጨምራል። ከላይ 12 ሊትር ቤንዚን፣ ወደ 9 ኪሎ የሚጠጋ። ከታች የጋለ ሞተር። መሀል ላይ የሰው ጭን!

‹እንግዲያው መግዛት ይሻላል ማለት ነው› የሚል አንባቢ ይኖራል። ቀስ! ፓኬቱ የነዳጅ ጎማው ተወጥሮ እንደሆነ አያውቅም፤ ሽቦው ከሰልባትዮው ሥር ተጨፍልቆ እንደሆነም አያይም። ገዢው ሁለት ብሎን አጥብቆ ይነዳል። ብዙ ሰው በገንዘቡ ከብረቱ ጋር አለመጠየቅንም ይገዛል፤ እንዲያ ከሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። እኛ መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚያወጣው ሰው ‹በእጄ ሠራሁት› ብሎ አይኩራራም፤ እንጀራው ነው። ሸማቹ ነገ ከነምድጃው ተመልሶ እንደሚመጣ ግን ያውቃል። ተማሪዬና ፓኬት ገዢው የጎደላቸው ይህ ተመልሶ የሚመጣ ሰው ይመስለኛል።

ፋብሪካ፣ ክፋቱ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ግዴታ አለበት። ማን እንደሚነዳው ለማያውቀው ሰው ነው የሚሠራው። ልምድ ለሌለው፣ ለቸኮለ፣ ብሎን ጠብቆ እንደሆነ ዞር ብሎ ለማያይ ሰው ጭምር ማሰብ አለበት። ያ ሥራ ሁለት ጣት የተነካ ዕለት ግዴታው ለነካው ሰው ይተላለፋል። በገዛ ነፍሱ ላይ መፍረድ መብቱ ነው እንበል። ከኋላው የምትቀመጠዋ ልጅስ? ከእርሱ በኋላ የሚገዛትስ?

ይህን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ሞተር ብስክሌቷን አሳምሮ፣ በሚመጣው ክረምት ሊሸጣት ነው ያሰበው።

«ለገዢው ትነግረዋለህ?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«ይህችን ብረት የቆረጥኳት እኔ ነኝ፣ የበሳኋትም እኔ ነኝ፣ ብለህ።»

ትንሽ ቆየና ሳቀ። «ዋጋ ይወርድብኛላ፣ ጋሼ!»

ምን ልበላችሁ፣ መልሱ ከፒርሲግ መጽሐፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቆይቶብኛል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ‹የኔ› ብሎ የተከራከረላት ብረት ለሽያጭ ስትቀርብ የማንም ሆና ቁጭ አለች። ባለቤትነት ሲያኮራ አለ፣ ሲያስጠይቅ ግን የለም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያለ ደራሲ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲወደስ መጽሐፉ የራሱ ነው፣ ሲተች የአሳታሚው።

«ታዲያ ልግዛ እያሉኝ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

እንዲያ እንዳልወጣኝ ነገርኩት። ከፈለገ ይሥራ፣ ከፈለገ ይግዛ፤ ብቻ ብረቷ ላይ ስሙንና የሠራበትን ቀን ይቅረጽባት። ሳይቀባት።

በሌላ ሳምንት ስደውል አልቆረጠም ነበር። ብረቱ ሞርሳው ላይ እንደተነከሰ ነው።