የጭድ ጥጃ

በነገሌ ቦረና ወተት የሚሸጠው በማለዳ ነው። ፀሐይዋ ሳትከር፣ ጮጮና ጄሪካን የተሸከሙ ሴቶች ከሊበን ሜዳ ቀዩን አቧራ እየረገጡ ይገባሉ። ረፋዱ ላይ የተሸጠው ተሸጦ የቀረው ወደየሻይ ቤቱ ይሄዳል። ከነዚህ ሴቶች መካከል አንዲት አሮጊት ነበሩ። ጮጯቸው በወይራ ጭስ የታጠነ፣ ወተታቸው ውሃ ያልነካው፣ ዋጋቸው የማይወጣ የማይወርድ። ገበያው ያከብራቸው ነበር።

አሮጊቷ ከተማ ባደሩ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት በራፍ ላይ ተቀምጠው ተከታታይ ድራማ ያያሉ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ስንት ነው፣ ጨምሪ፣ ቀንሺ ከማለት ብዙም አያልፍ። ስለዚህ ቃሉን ትተው ሰውነቱን ይመለከታሉ፤ ማን እጁን ደበቀ፣ የማን ትከሻ ወደቀ፣ የማን ጥርስ ሲሥቅ ዓይኑ ሳይሥቅ ቀረ። ሌላው ሲሰማ እሳቸው ያያሉ።

በዚያ ድራማ ውስጥ አንዲት ክፉ ሴት አለች። የሟች እህቷን ቤት ልትወርስ ብላ የእህቷን ልጅ በዝናብ ሌሊት ከቤት ታስወጣታለች። ሕፃኗ በሩን ትደበድባለች፤ ሴትዮዋ ከውስጥ ሆና መቀርቀሪያውን ታጠብቃለች። ያን ምሽት አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና የሻይ ሒሳብ ሳይከፍሉ ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱ መጥተው ከፈሉ። ዕዳ አያውቁም ነበር።

ክፉዋን ሴት ሆና የምትሠራው የነገሌ ልጅ ናት። እናቷ የወታደር ሚስት፣ ኋላም የወታደር መበለት፣ በካምፑ በር ላይ ሻይ እያፈላች ነው ያሳደገቻት። በነገሌ በጥር 1966 ዓ.ም. ወታደሮች ምግቡ ከፋን፣ ውሃው ጎዳን ብለው አመፁ። ነገሩን አይተው እንዲመጡ ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለንም ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። እናት ይህን ታሪክ ለደንበኛ ሁሉ ታወራዋለች። ልጅ ደግሞ በሰባት ዓመቷ ጄኔራሉን ሆና መጫወት ጀመረች። ብርጭቆውን ታነሣለች፤ ታሸተዋለች፤ ግራ ቀኙን ታያለች፤ የሚያድናት ሲጠፋ ዓይኗን ጨፍና ትውጠዋለች። ወታደሩ ሆዱን ይዞ ይሥቃል። አንድ ቀን ግን አንድ ያረጁ አሥር አለቃ አይተዋት አልሣቁም፤ ፊታቸውን አዞሩ። እሳቸው ያን ውሃ ጠጥተውት ነበር። ልጅቷ ያን ዕለት የተማረችውን ከዚያ በኋላ ማንም አላስተማራትም።

አድጋ አዲስ አበባ ሄደች። ትሪ ይዛ የምትገባ የቤት ሠራተኛ ሆነች፤ ከዚያ በር የምትከፍት ጎረቤት ሆነች፤ ከዚያ «ሐኪሙ መጥቷል» ብላ የምትወጣ ነርስ ሆነች። ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ክፉዋ ሴት ስትሰጣት ደስ አላት፤ ሚናው ትልቅ ነው፣ ክፍያውም የቤት ኪራይ ይችላል። ድራማው መታየት ሲጀምር ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሽማግሌ ሊልክባት የነበረ ሰውም ነበር። እናቱ «ያን ሕፃን ያባረረች ሴት የኔን የልጅ ልጅ ታሳድጋለች?» አሉ። ሰውየው ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ማስረዳቱ ረዘመበት፤ ሲረዝምበት ደከመው፤ ሲደክመው ቀረ።

እናቷ ታመመችና ከነገሌ ተጠራች። በሐዋሳ፣ በቦሬ፣ በአዶላ አድርጋ፣ ቦሬ ላይ በብርድ ተንቀጥቅጣ፣ አዶላን ካለፈች ወዲያ በሙቀት ተጠብሳ ማታ ገባች። እናት ከምግብ ተጣልታለች። የምትሻው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታጠነ ወተት።

ልጅ በማለዳ ገበያ ወጣች። አሮጊቷ ገና ከሩቅ ሲያይዋት ለዩዋት። ምንም ሳይናገሩ የጮጯቸውን ክዳን ጥብቅ አድርገው ገጠሙት።

«ላንቺ የሚሸጥ የለም» አሉ።

«ለእናቴ ነው እማማ። ታማብኛለች።»

«ያቺም ልጅ እናት አልነበራትም።»

ገበያው ሣቀ። ጀበና የሚሸጥ አንድ ልጅ በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳቸው፤ «እማማ፣ ድራማ እኮ ነው! የውሸት ነው!»

አሮጊቷ ወደ ልጁ ዞረው «ዕንባዬም የውሸት ነበር?» አሉት።

ተዋናይቷ ይህን ስትሰማ ልትናገር የነበረውን ተወችው። እኔ እኮ እሷ አይደለሁም ልትል ነበር። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ አቧራው ላይ ተንበረከከች፤ የአሮጊቷን ጉልበት ስማ «ይቅር ይበሉኝ» አለች። ሣቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አሮጊቷ ቁልቁል ለረጅም ጊዜ አይዋት።

«ልጅቷን ትመልሻታለሽ?»

«የሚጽፈው ሌላ ሰው ነው እማማ። ግን እነግረዋለሁ።»

ክዳኑ ተከፈተ። ወተቱ ተሰፈረ፤ ተሰፍሮም ተመረቀ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ትመጣለች። ጀበና ሻጩ ልጅ አስተርጓሚ ሆነ። አንድ ቀን አሮጊቷ ጠየቋት፤ ማንም ሳይሞትብሽ እንዴት ታለቅሻለሽ? ልጅ ነገረቻቸው። ካሜራው ሲበራ አባቷ በወታደር መኪና ተጭኖ ሲሄድ፣ እጁን ሲያውለበልብ ታየዋለች። ከዚያ ጉዞ አልተመለሰም። ካሜራው ሲጠፋ አባቷ እንደገና ይሄዳል። በቀን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ይሄዳል። አሮጊቷ ሰምተው ዝም አሉ። በማግስቱ ከወትሮው አስበልጠው ሰፈሩላት፤ ምክንያቱን አልተናገሩም።

እናት ሞተች።

ድንኳን ተተከለ፤ ዕድርተኛው መጣ፤ ነገሌ ተነቅሎ ወጣ። የመጣው ሁሉ ግን ሟቿን ሊሰናበት ብቻ አልመጣም። ልጅቷ ደረቷን ይዛ አንድ ጊዜ ስትጮህ ስልኮች ተነሡ። ከኋላ አንዲት ሴት ቀስ ብላ ለጎረቤቷ «አመጣችው ትወናዋን» አለች። ቀስ ያለ ነገር በለቅሶ ቤት ይሰማል። ልጅቷ ሰማችው። ጩኸቷ ጉሮሮዋ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ደርቃ ተቀመጠች፤ ቀብሩም አለፈ፣ አንድ ሌሊትም አለፈ፣ ዕንባ አልወጣትም። አሁን ደግሞ «አየሽ፣ ለእናቷ እንኳ አላለቀሰችም» ተባለ።

በሠልስቱ አሮጊቷ ጮጯቸውን ይዘው መጡ። ከሜዳ የገቡት ያን ጠዋት ነው፤ ወሬው የደረሳቸው መንገድ ላይ ነው። ልጅቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ለድንኳኑ ሁሉ ተናገሩ፤ ጀበና ሻጩ ልጅ ተረጎመ።

«ጥጃ ሲሞት ላም ወተት ትከለክላለች። ያኔ ቆዳውን ገፈን፣ ጭድ ሞልተን፣ ጨው ነስንሰን እናቀርብላታለን። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ከዚያ ወተቷን ትለቃለች። ጥጃው ጭድ ነው። ወተቱ ግን ወተት ነው፤ ልጆቻችን ጠጥተውት አድገዋል። ይህች ልጅ ጭድ እየቀረበላት ስንት ጊዜ ታለበች? ማታ ማታ ሻይ ቤት ተቀምጠን የጠጣነው የማንን ወተት ነው? ዛሬ የገዛ ጥጃዋ ሞቶ ስትጮህ፣ እናንተ ይኼም ጭድ ነው አላችኋት።»

ልጁ ሲተረጉም መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረበት።

«ዓይኗን አትዩ» አሉ አሮጊቷ፤ «ዓይን ታዞም ያለቅሳል። ጉልበቷን እዩ።»

ሰው አየ። በጥቁሩ ቀሚስ ሥር ሁለቱ ጉልበቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ ኖረዋል፤ ያያቸው አልነበረም። አሮጊቷ ክዳኑን አንስተው ከጮጮው ቀዱና ከአፏ አስጠጉላት። አንድ ጊዜ ጎነጨች፤ ከዚያ ዕንባዋ መጣ፤ ድምፅም አብሮት መጣ። ከወደ በሩ አንድ ወጣት እጁ ለምዶበት ስልኩን ሊያነሣ ሲል አሮጊቷ ተነሥተው ሄዱና የጮጮውን ክዳን ስልኩ ላይ ደፉበት። ወተቱ በጣቶቹ መካከል እየተንጠባጠበ ቆሞ ቀረ። ማንም አልሣቀም።

ምሳሌው ይኸው ነው። ነገሩ ግን የነገሌ ብቻ አይደለም።

አስናቀች ወርቁ ወደ ቴአትር በወጣችበት ዘመን የሴቷን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ሴት ራሷ መድረክ ላይ ስትቆም የሚሰጣት ስም ክፉ ነበር፤ በክራሯና በትወናዋ የተደሰተው ተመልካች ከመድረክ ስትወርድ ያንኑ ስም ይዞ ይጠብቃታል። በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ ቀዳሚት ተባለች፤ ይገባታልም። ቀዳሚ መሆን ምን ያህል እንዳስከፈላት ግን ዛሬ በቴሌቪዥን የምናያቸው ሴቶች ከኛ ይልቅ ያውቃሉ።

በእንግሊዝ አገር «ኮሮኔሽን ስትሪት» የሚባል ተከታታይ ድራማ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ይታያል። ጂን አሌክሳንደር ከ1964 እስከ 1987 በዚያ ድራማ ውስጥ ሂልዳ የምትባል የጽዳት ሠራተኛ ሆና ኖራለች። ባሏን ስታንን ሆኖ ይሠራ የነበረው በርናርድ ዩንስ በ1984 በእውነት ሞተ፤ ድራማውም ስታንን ቀበረው። ከቀብሩ በኋላ ሂልዳ ብቻዋን ቤት ተቀምጣ ከሆስፒታል የመጣውን የባሏን ዕቃ ትፈታለች። ከጥቅሉ ውስጥ መነጽሩ ይወጣል። ያን ጊዜ ታለቅሳለች። እንግሊዞች ይህን ትዕይንት እስከ ዛሬ ያነሡታል። ጂን አሌክሳንደር በሕይወቷ ባል አላገባችም፤ መበለትም ሆና አታውቅም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ከጎኗ ቆሞ የሠራው ሰው ሞቶባታል። ስለዚህ ያ ዕንባ የሂልዳ ነው ወይስ የጂን ብሎ የሚከራከር ሰው፣ የላሟን ወተት በሁለት ጮጮ ከፍሎ ሊያልብ የሚሞክር ይመስለኛል።

ሰብለ ተፈራም አለች። በ«ቤቶች» ድራማ የቤት ሠራተኛዋን ትርፌን ሆና አገር ስታሥቅ ኖራ፣ መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት በመኪና አደጋ አረፈች። ሰው ወሬውን የሰማው ቄጤማው እንደተጎዘጎዘ፣ ቡናው እንደቀረበ ነው። «ትርፌ ሞተች» ያለው ብዙ ነው። ይህን አልነቅፍም። ይህን ካለው ሰው አብዛኛው በአካል አይቷት አያውቅም፤ ያወቃት በትርፌ በኩል ነው፤ ያለቀሰው ግን ከልቡ ነው። ትርፌና ሰብለ የኖሩት በአንድ ሰውነት ነበር። ያን ሰውነት ያደከመው ሥራ፣ ሌሊት ድረስ የቆየው ቀረጻ፣ የተደጋገመው ሣቅና ለቅሶ የሰብለ ነበር፤ የተቀበረችውም ሰብለ ናት። ቤተሰቧ በየእንቁጣጣሹ የሚያስበው እሷን ነው።