ረዳቱም አንተው ነህ

ልጄ፣ እናትህ ትናንት ማታ ደውላ «ሲዲኤሉን፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ አገኘ፤ ከመሰንጠቂያ ቤት ጣውላ የሚጭን ሥራም ያዘ» አለችኝ። እልል ብላ ነው የነገረችኝ። እኔም ደስ ብሎኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳላስበው እጄ ቀኝ ጉልበቴ ላይ አርፎ አገኘሁት። ይህን የሚጽፍልህ ጉልበቴ ነው በለው።

ስለ መንዳቱ አልመክርህም። የስኖኳልሚ ዳገት በበረዶ እንዴት እንደሚወጣ አንድ ክረምት ከእኔ አብልጦ ያስተምርሃል። የምነግርህ መኪናው ከቆመ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። በዋሽንግተን ግዛት፣ በሼልተን፣ በአበርዲንና በሎንግቪው መንገድ 17 ዓመት ስመላለስ፣ ወገባቸውን ወይም ትከሻቸውን ይዘው ሥራ የተዉ ጓደኞቼን ብቆጥር በግጭት የተጎዳው ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ የተጎዳው ሞተሩ ጠፍቶ ነው፤ ሲወርድ፣ ሲወጣ፣ ሸራ ሲጎትት፣ የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ሲወረውር።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ ሥራ የጀመርኩት በአሰብ መንገድ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በረዳትነት ነው። ያኔ ሹፌር ጌታ ነበር። ሚሌ ላይ ስንቆም ከጋቢናው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሻይ ያዛል። ጭነቱ ላይ የሚወጣው፣ ገመዱን የሚያጠብቀው፣ ሸራውን የሚያለብሰው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገባው ረዳቱ ነው። ረዳቱ ደግሞ የ18 ዓመት ልጅ ነው፤ ከጭነቱ አናት ዘሎ ቢወርድ ምኑም አይሰማውም። አሜሪካ መጥቼ መሪውን ስጨብጥ ጌታ የሆንኩ መሰለኝ። ረዳት እንደሌለ በመጀመሪያው ቀን አየሁ። ረዳቱ እኔው እንደሆንኩ፣ ያም ረዳት ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት እንደቀረው የተረዳሁት ግን ከተጎዳሁ በኋላ ነው። አንተም ሁለቱም ነህ። ሹፌሩ የሚከፈለው በማይል ስለሆነ ይቸኩላል፤ ረዳቱን «ቶሎ በል!» እያለ ያጣድፈዋል። የሚሰበረው ረዳቱ ነው።

ከመውረድ እንጀምር፤ የኔም ጣጣ የመጣው ከዚያ ነውና። ፊትህን ወደ መኪናው መልሰህ፣ ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው ውረድ። ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ምንጊዜም መኪናውን ይያዙ። ቡናህን ወይም ስልክህን ይዘህ አትውረድ፤ ወንበሩ ላይ ትተህ መሬት ከረገጥክ በኋላ አንሣው። ደረጃውን በየጊዜው ጥረግ፤ ጭቃና ሰጋቱራ ተቀላቅለው ሲረግጡት እንደ ሳሙና ነው። ከመጨረሻው ደረጃም ቢሆን አትዝለል። የተሳቢው ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይርቃል። ከዚያ ዘለህ ስታርፍ ቁርጭምጭሚትህ፣ ጉልበትህና ወገብህ የሚቀበሉት የሰውነትህን ክብደት ብቻ አይደለም፤ የዚያን ብዙ እጥፍ ነው።

እኔ የዘለልኩት በኅዳር፣ ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነው። ከኋላዬ አራት መኪና ተሰልፏል። የመጨረሻውን ቀበቶ አጠበቅሁና ከተሳቢው ወለል ዱብ አልኩ። መሬቱ ሰጋቱራ የለበሰ ነበር፤ ከሥሩ ቁራጭ እንጨት ተቀብሮ አላየሁም። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ተነሣሁ፣ ማንም እንዳላየኝ አረጋገጥኩ፣ እያነከስኩ ጋቢና ገባሁና ነዳሁ። ያተረፍኩት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

ሸራው ግን ከመዝለልም የባሰ ነው፤ መዝለል ልማድ ነው፣ ይተዋል፤ ሸራ ሥራህ ነው። የጣውላ ሸራ አንዱ ብቻ፣ ደረቅ ሆኖ፣ 45 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንተ የምትይዘው ሁለት ነው። የአበርዲን ዝናብ ሲገባበት ስንት እንደሚሆን ራስህ ታየዋለህ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ሸክም ስለማንሣት ባወጣው ቀመር፣ ሁሉም ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከፍተኛው መነሻ 23 ኪሎ ነው። ሸክሙ ከሰውነት ሲርቅ፣ ከመሬት ሲነሣ፣ ወገብ ሲጠማዘዝ ከዚያም እየቀነሰ ይሄዳል። «አገር ቤት ተሸካሚው ኩንታል ያነሣ የለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ያነሣል። ግን ኩንታሉን ሌሎች ናቸው ጀርባው ላይ የሚያስቀምጡለት፤ ደግሞስ በዚያ ሥራ ላይ ያረጀ ተሸካሚ አይተህ ታውቃለህ?

ስለዚህ አታንሣው። የፎርክሊፍቱ ሰው ጣውላውን ጭኖ ከመሄዱ በፊት፣ የተጠቀለለውን ሸራ በሹካው አንሥቶ ጭነቱ አናት ላይ እንዲያኖርልህ ለምነው። አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። እኛ ሐበሾች ይሉኝታ ይዞን ሰው ማስቸገር እንፈራለን። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ በትከሻዬ ስሸከም ከርሜ፣ አንድ ቀን አንድ የፎርክሊፍት ነጂ «ለምንድን ነው የምትሸከመው?» ብሎ ሲስቅብኝ አፈርኩ። ብቻ እሱ ሲሠራ መሣሪያው ሥር ወይም ከጀርባው እንዳትቆም፤ ፋብሪካው ለሹፌር ባሰመረው ቦታ ቁመህ ጠብቅ።

አጣጣፉም ነገር አለው። ሸራውን ስታወልቅ ደክሞሃል፣ ጠቅልለህ ብትወረውረው ትወዳለህ። ነገር ግን ያንን ሸራ ነገ የሚዘረጋው ሌላ ሰው አይደለም። መሐሉንና የፊቱን ጫፍ በቀለም ምልክት አድርግበትና ሲጎተት ራሱ እየተዘረጋ እንዲሄድ አድርገህ ጠቅልለው። ስታለብስ የኋላውን አስቀድም፤ የፊተኛው በላዩ ይደረብ፤ እንደ ጎጆ ክዳን ማለት ነው፣ ነፋሱ ከሥር እንዳይገባ። ሙሉ ጭነት ላይ ስትቆም ከመሬት አራት ሜትር ያህል ርቀሃል፤ እዚያ ላይ ሸራ እየጎተትክ ወደ ኋላ እንዳትራመድ። አንዳንድ መሰንጠቂያ ቤቶች መድረክና የደኅንነት ገመድ ያለው የሸራ ማልበሻ ቦታ አላቸው። ካለ ተጠቀምበት፣ ወረፋው ግማሽ ሰዓት ቢሆንም። የተቃጠለው ግማሽ ሰዓት ይቆጨኛል ብለህ አታስብ፤ እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ያተረፍኳት ግማሽ ደቂቃ ናት።

ቀበቶውን በጭነቱ ላይ ለማሳለፍ እንደ ድንጋይ ከጭንቅላትህ በላይ አትወርውር። ትከሻ በዚያ አኳኋን ለመወርወር አልተፈጠረም፤ አንዴ ሁለቴ ይችላል፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግን ጅማቱ እየሳሳ ይሄድና አንድ ጠዋት ሸሚዝ መልበስ ያቅትሃል። ጥቅልሉን በረጅም ዘንግ ጫፍ አድርገህ ወደ ላይ ግፋው። ማወጠሪያ ብረቱን ስትጫን ደግሞ እግርህን ከፈት አድርገህ ቁም፣ ቀስ ብለህ ግፋ፣ በመላ ክብደትህ አትንጠልጠልበት፤ ብረቱ ካመለጠ አንተ ወደ መሬት፣ እሱ ወደ መንጋጋህ ነው። ፊትህን ከብረቱ መንገድ አርቅ። ምናልባት ወደ ግንድ ጭነት ከተዛወርክ ሰንሰለት ማጥበቂያው ባለ ጥርስ ይሁን፤ ባለ ማንሻውን፣ በተለይ ቱቦ ቀጥለውበት የሚጫኑትን፣ ለሚወዱት ተውላቸው።

የሚገርምህ፣ ወገቤን ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመው ለወገብ ያልተጻፈ ሕግ ነው። የፌዴራሉ ደንብ ጭነትህን በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም የሥራ ሁኔታህ በተቀየረ ቁጥር፣ በየ150 ማይሉ ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ከሦስቱ በቀደመው፣ ቆመህ እንድታይ ያዝዛል። ሕጉ የተጻፈው ጣውላው እንዳይወድቅ ነው። እኔ ግን ያንን ማቆሚያ ሰውነቴን ለማፍታቻ ያዝኩት፤ ተሳቢውን ሁለት ጊዜ እዞራለሁ፣ ቁርጭምጭሚቴን አዞራለሁ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ወደ ኋላ ቀና እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቀበቶ የምነካው። ይህን ቅደም ተከተል ያዝ። ለሰዓታት ተቀምጦ የተንቀጠቀጠ ጀርባ ጅማቱ ላልቷል፣ የአከርካሪው ዲስክም ለጥቂት ጊዜ በቀላሉ የሚጎዳ ነው። ከወንበር ተነሥቶ ወዲያው ሸክም ማንሣት ለጉዳት ያጋልጣል። መሰንጠቂያ ቤት ወረፋ ስትጠብቅም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ሰዓት ጋቢና ውስጥ ስልክ ስታይ ቆይተህ ተራህ ሲደርስ እንደ ጥይት አትውጣ።

ወንበሩን በራስህ ክብደት አስተካክለው፤ ከአንተ በፊት የነዳው ሰው ከአንተ የከበደ ከሆነ የአየር ወንበሩ ጉድጓዱን ሁሉ ለአከርካሪህ ያቀብላል። የኪስ ቦርሳህን ከኋላ ኪስህ አውጣ። ቀልድ እንዳይመስልህ፤ በእሱ ላይ ስትቀመጥ ዳሌህ ይጣመማል፣ ወደ እግር የሚወርደው ነርቭም ይጫናል። የወገብ ቀበቶ ልግዛ ወይ ብለህ እናትህን ጠይቀሃታል አሉ። እኛ ወገብን መታጠቅ ስለምንወድ ነገሩ ያምረናል፤ ግን ያው ናዮሽ መርምሮ፣ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት እንደሚጠብቅ ማስረጃ አላገኘም። ገንዘቡን ለጥሩ ጫማ አድርገው፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ በእርጥብ እንጨት ላይ የማያንሸራትት።

አሁን ወደ ጉልበቴ ልመለስ። ያን ቀን ለማንም አልተናገርኩም። «ወለምታ ነው» አልኩ። ኬንት የሚኖር፣ አገር ቤት ወጌሻ የነበረ ሰው በቅቤ አሸልኝ። ላጥላላው አልፈልግም፤ እብጠቱን አስታግሶልኛል፤ የተቀደደ ነገር ግን በማሸት አይሰፋም። ከስምንት ወር በኋላ ስላነከስኩ የሥራ መዳቢው ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ወረቀት ውስጥ ምን ያስገባሃል፤ በራስህ ኢንሹራንስ ታከም፣ ነገሩን እናሳንሰው» አለኝ። የሚያስብልኝ መሰለኝ። በ14ኛው ወር ሐኪም ጋ ስደርስ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል ተባልኩ፤ የዋስትና ማመልከቻው ቀንም አልፎ ነበር።

በዋሽንግተን ግዛት የሥራ ጉዳት ዋስትናውን በዋናነት የሚያስተዳድረው የግዛቱ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሹፌሮቹ ኤል ኤንድ አይ እያሉ ነው የሚጠሩት። በአደጋ ለደረሰ ጉዳት ማመልከቻው ከጉዳቱ ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። እንደ ትከሻ ቀስ በቀስ በሥራው ለመጣ ሕመም ደግሞ፣ ሐኪም ሕመሙ ከሥራ የመጣ ነው ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀህ ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ማመልከቻውን ለመጀመር የአለቃህ ፈቃድ አያስፈልግህም፤ ሐኪሙ ቢሮ «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» ብለህ ትሞላለህ፤ ሐኪሙንም የምትመርጠው አንተ ነህ። እንግሊዝኛህ ለዚያ ካልደረሰ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ ክፍያው ከአንተ አይደለም። ነገ የራስህን መኪና ገዝተህ ባለቤት ሹፌር ስትሆን ግን ይህ ሽፋን በራሱ እንደሚከተልህ አትቁጠር፤ መኪናውን ከመፈረምህ በፊት መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ።

ያመመህን በዕለቱ ተናገር። ትንሽ ቢሆንም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ምን ስትሠራ እንደነበር በደብተር ጻፈው፣ ያየህ ሰው ካለ ስሙን ጨምርበት። እኔ ያን ጊዜ እንዳላየኝ ያረጋገጥኩት ሰው ነው በኋላ የሚያስፈልገኝ የነበረው።

ሰኞ ትጀምራለህ አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ና፤ ቀበቶ መግፊያ ዘንጌ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል፣ ውሰደው። አንድ አሮጌ ሸራም አለኝ፤ ጓሮ ዘርግተን አጣጣፉን አሳይሃለሁ። ጎንበስ የምትለው አንተ ነህ፤ እኔ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ።