ብድር የማይመልስ እንግዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የታኅሣሥን የጋሸና ብርድ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከወልድያ ወደ ወረታ ከሚሄደው መንገድ የላሊበላው መንገድ የሚገነጠለው ከዚሁ ስለ ሆነ፥ ልደትን ለማክበር በእግሩ የሚጓዘው ምእመን በደጃችን ያልፋል። ገና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። አንዱ በባዶ እግሩ ነው፤ ሌላዋ ሕፃን አዝላለች፤ ስንቃቸው በሶና ቆሎ ነው።

ወላጆቻችን እነዚህን ሰዎች የእግዜር እንግዳ ይሏቸዋል። መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ሲል፥ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ» ይባላል። ውኃ ይሞቃል፤ እግሩ ይታጠባል። ከየት እንደ መጣ የሚጠየቀው እህል ከቀመሰ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉት። አስቀድመን ብንጠይቀውማ ለዘመድ አጎዛ፥ ለባዳ ቁርበት እናነጥፍ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጋሸና የጦር ግንባር በሆነች ጊዜ ቤታችንን ጥለን ከወጣነው መካከል አንዳንዶቻችን ይህን ቃል ራሳችን በሰው ደጅ ቆመን ተናግረነዋል። መስጠት ከባድ ይመስለን ነበር፤ መቀበል እንደሚብስ ያን ጊዜ አወቅን። በልተን እጃችንን ስንታጠብ አንገታችን ይደፋ ነበር፤ የምንመልሰው የለንማ። ያስጠጉን እናት ግን ይህን አይተው ነው መሰል፥ በማግሥቱ «ተነሡ እንጂ፥ ውኃ ቅዱልኝ፤ እናንተ ደግሞ እንጨት ፍለጡ» ብለው እንደ ልጆቻቸው አዘዙን። ቁጣቸው እንኳ የእናት ነበር። በዚያ ቀን እንጀራቸውን ሳንሸማቀቅ በላን።

እንግዲህ ይህን የቀመስን ሰዎች ከተመለስን በኋላ ምን እንዳደረግን እንናገር።

በአንድ የልደት ሰሞን ለተጓዦች ድንኳን ተክለን ንፍሮ ቀቀልን፤ ሻይ አፈላን። የነቢያት ጾም ነውና ሌላ አያስፈልግም ነበር። በአውቶቡስ የመጡ ምእመናን ሲወርዱ ተሯሩጠን ወንበር አቀረብን። ደጎች ነበሩ፤ ለከበሮ መግዣ ገንዘብ ሰጡን። በዚያው ሰዓት አንዲት አሮጊት ከድንኳኑ ካስማ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። አላየናቸውም ብንል ውሸት ይሆናል። «እንግዶቹ ይቅደሙ» ብለን አለፍናቸው፤ እርሳቸውን ከእንግዳ አልቈጠርናቸውማ! ንፍሮውን ይዘን ስንመለስ ተነሥተው ሄደዋል። በላሊበላ መንገድ ጥቂት ርቀን ፈለግናቸው፤ አላገኘናቸውም።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 የተናገረው ምሳ ለጋበዘው ሰው ነው። ባለጠጋ ጎረቤቱን የሚጠራ ሰው መልሶ ይጋበዛል፤ ሒሳቡም በዚያው ይዘጋል። ብድራት ያለው ግን የሚመልሰው የሌለውን በመጥራት ነው፤ እርሱም በጻድቃን ትንሣኤ ይከፈላል። የእኛ ብድራት ከበሮው ነበር፤ ተቀብለናል። ሲመታ በሰማን ቍጥር አንዳንዶቻችን እኒያን እናት እናስባቸዋለን።

አባታችን አብርሃም ያለ እንግዳ ማዕድ አይቀርብም ነበር። ሰይጣን ቀንቶ ከመንገድ ላይ ተቀምጦ «አብርሃም ደበደበኝ» እያለ እንግዶቹን ቢመልስበት፥ ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ እንደ ቆየ መምህራኖቻችን ይተርካሉ። በእኛስ ጊዜ ሰይጣን መንገድ ድረስ መውጣት አላስፈለገውም፤ ከድንኳናችን ውስጥ ወንበር ሲያከፋፍል ነበር።

ለምኖ የሚያድረውን ሰው በአማርኛችን «የኔ ቢጤ» እንለዋለን። ይህን ስም ያወጣው ሰው ትሕትናን ያውቅ ነበር። እኛ ግን ቃሉን ከአፋችን አልፎ ወደ እጃችን አላደረስነውም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት እግር ሲያጥቡ ለማየት እንጋፋለን፤ በታኅሣሥ ግን የመንገደኛውን አቧራማ እግር ማጠብ ለታናናሾቻችን እንተወዋለን።

ዘንድሮ ወንበር አይወጣም። በአውቶቡስ የመጣውም በእግሩ የመጣውም አንድ ጅባ ላይ ይቀመጣል። ውኃው የሚሞቀው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ ማገዶ የምትችሉ ማገዶ፥ ሳፋና ጣሳ ያላችሁም ይዛችሁ ኑ። እግር የሚያጥቡት ታላላቆቹ ናቸው። ከካስማው አጠገብ ደግሞ ሁለት ልጆች ቆመው ከውጭ የቀረ ሰው እንዳለ ያያሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።