ብሪሴይስ ለማን አለቀሰች?

ነገሩ የሚገኘው በሆሜር ኢሊያድ፣ በ19ኛው መጽሐፍ ነው። ተጣልተው የነበሩት የግሪኮች ጀግና አኪሌስና የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን ታርቀዋል፤ ካሳው ወደ ጉባኤው ወጥቷል፤ በአጋሜምኖን ተነጥቃ የነበረችው ምርኮኛ ብሪሴይስም ወደ አኪሌስ ሰፈር ተመልሳለች። ስትደርስ የጠበቃት የአኪሌስ ወዳጅ የፓትሮክሎስ ሬሳ ነው። በላዩ ወድቃ ደረቷን፣ አንገቷንና ፊቷን እየቧጨረች ሙሾ አወረደች። ምርኮኞቹ ሴቶችም ተከተሏት። ስለ እነሱ ገጣሚው ሲናገር፣ ለቅሶው በአፍ የፓትሮክሎስ፣ በልብ ግን የየራሳቸው መከራ እንደ ነበረ ይገልጻል። ምሥጢሩን ራሱ ስለ ከፈተው ተርጓሚው ተከትሎ መግባት ብቻ ይቀረዋል።

ለማን አለቀሰች ቢሉ፣ ለፓትሮክሎስ ነው። ደግ ሰው ነበርና። ሁልጊዜ ገር እንደ ነበረ እሷ ትመሰክራለች፤ በ17ኛው መጽሐፍ የአጋሜምኖን ወንድም ምኒላዎስም ይህንኑ ብሎለታል። ሌላው ጦረኛ በገደለው ብዛት በሚመሰገንበት ግጥም ውስጥ ስለ ገርነቱ መመስገን ትንሽ ክብር አይደለም።

አንድም ለባሏና ለወንድሞቿ ነው። ታሪክ፦ አኪሌስ ከተማዋን ሊርኔሶስን በያዘ ጊዜ አባትና እናቷ የዳሯት ባሏ ከከተማው ፊት ሲወድቅ በዓይኗ አይታለች። ከአንድ እናት አብረዋት የተወለዱ ሦስት ወንድሞቿም አለቁ። ያን ጊዜ እንዳታለቅስ የከለከላት ፓትሮክሎስ ነው። ጨክኖ ነውን ቢሉ፣ አይደለም፤ ሊያጽናናት ነው። በምን ቢሉ፣ ወደ አኪሌስ አገር ወደ ፍትያ ወስዶ ለአኪሌስ የሕግ ሚስት ሊያደርጋት፣ በወገኖቹ በሚርሚዶኖችም መካከል ሊደግስላት ቃል ገብቶ። ሐተታ፦ ቃል የተገባላት ባሏን የገደለውን ሰው እንድታገባ ነው። ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ገጣሚው አላጋነነም፣ አልፈረደም፤ ቃሉን በእሷው አፍ ምስጋና አድርጎ አስቀመጠው። በዚያ ሰፈር ከሰማችው ሁሉ ደጉ ቃል ይህ ከነበረ፣ የቀረው ምን ይመስል እንደ ነበር አድማጩ ያስበው። ያኔ የታገደው የባሏ እንባ ዛሬ በአጋጁ ሬሳ ላይ ፈሰሰ።

አንድም ለራሷ ነው። በካሳው ዝርዝር ውስጥ ያለችበትን ቦታ ልብ ይሏል፦ ባለ ሦስት እግር ድስቶች 7፣ የሚያብረቀርቁ ድስቶች 20፣ ፈረሶች 12፣ ሙያ አዋቂ ሴቶች 7፣ ብሪሴይስ 8ኛ ሆና፣ ከዚያ ወርቅ 10 መክሊት። በ23ኛው መጽሐፍም ለፓትሮክሎስ መታሰቢያ ትግል ሲደረግ፣ ለአሸናፊው የቀረበው ድስት 12 በሬ ተገመተ፤ ለተሸናፊው የቀረበችው ባለሙያ ሴት 4 በሬ። በዚህ ገበያ ውስጥ ላለች ሴት ከምርኮኛነት ወደ ሚስትነት መሻገር ማለት ከዕቃ ተርታ መውጣት ነው። ዋስ የሆናት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞተ። አኪሌስስ ቢሉ፣ በ9ኛው መጽሐፍ በጦር የተማረከች ብትሆንም ከልቡ እንደሚወዳት ተናግሯል። በ19ኛው መጽሐፍ ግን፣ እሷ ከመመለሷ በፊት፣ ሊርኔሶስን በያዘበት ቀን አርጤምስ በቀስት በገደለቻት ኖሮ ብሎ ተመኘ። እሷ አልሰማችም፤ አድማጩ ግን ሰምቶ ነው ሙሾዋን የሚያዳምጠው።

አንድም ለሕያዋን ነው። ቃል የገባላት ሰው አፉ ተዘግቷልና፣ ቃሉ ከእሱ ጋር እንዳይቀበር በአደባባይ ታሰማዋለች። ምነው በሌላ ጊዜ አልተናገረችም ቢሉ፣ በ1ኛው መጽሐፍ የአጋሜምኖን መልእክተኞች ሲወስዷት ሳትወድ መሄዷ ብቻ ተነግሮ ታልፏል፤ በግጥሙ ሁሉ አፏን የምትከፍተውም እዚህ ብቻ ነው። ምርኮኛ ጉባኤ ላይ ቆማ አትሟገትም፤ አልቃሽን ግን ዝም በይ የሚላት የለም። መልስ አገኘች ወይ ቢሉ፣ አላገኘችም። አኪሌስ ቀጥሎ ባሰማው ለቅሶ አባቱንና ልጁን ያነሣል፤ እሷን አያነሣም።

አንድም ለአንድሮማኬ ነው። በ6ኛው መጽሐፍ የትሮዩ ጀግና የሄክቶር ሚስት አንድሮማኬ አባቷንና 7 ወንድሞቿን አኪሌስ እንደ ገደለባት፣ የቀራት ሄክቶር ብቻ እንደ ሆነ ትናገራለች። ብሪሴይስ የደረሰችበት እሷ ገና የምትደርስበት ነው። ስለዚህ በግሪኮች ሰፈር፣ በግሪክ ጀግና ሬሳ ላይ፣ የትሮይ ለቅሶ ቀድሞ ተሰማ።

ይህ ሁሉ ወንዶች የዘፈኑት ግጥም ነው፣ የሴት ድምፅ ከወዴት ይገኝበታል የሚሉ አሉ። ዘፋኞቹ ወንዶች መሆናቸውን አልክድም። ሙሾ ግን በግሪክ የሴቶች ሙያ ነበር፤ ገጣሚው የሚያውቀውን አሰማ እንጂ ከባዶ አልፈጠረም። ታሪክ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሶሎን ለአቴንስ ሕግ ሲያወጣ፣ ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ በለቅሶ ላይ ገላን መቧጨርን፣ ተዘጋጅቶ የሚወርድ ሙሾን፣ ደግሞም በአንዱ ቀብር ላይ ሌላውን ሙት ማልቀስን ከለከለ። ማንም የማያደርገውን የሚከለክል ሕግ አውጪ የለም። በሰው ቀብር የራስን ሙት ማልቀስ የገጣሚ ፈጠራ ሳይሆን ሴቶች በእውነት ያደርጉት የነበረ፣ ከተማ በሕግ ሊገታው የተነሣ ነገር ነበር ማለት ነው።

እኔ ከትርጓሜዎቹ ሁለተኛውንና አራተኛውን አብልጬ እይዛለሁ፤ የመጀመሪያውን ግን አልጥልም። ለፓትሮክሎስ ያለቀሰችው ማሳበቢያ ፈልጋ ብቻ አይደለም፤ በእውነት አዝናለች። ባሏን ከገደሉት ወገን ለሆነው ሰው ከልቧ ማዘኗ የጭካኔውን ልክ ከማንኛውም የጦርነት ትረካ ይልቅ አጥርቶ ያሳየኛል፤ ከዚያ ገር ሰው በቀር የሚራራላት አልተረፈምና።