የቀረ ይቀጣል

ለመሆኑ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ከሌላው ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? ዕረፍት ነው? ጨዋታ ነው? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ባለፈው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች ተሰባስበን፣ የሰፈራችንን ጡረተኞች በወር አንድ እሑድ ሽርሽር እንውሰዳቸው ብለን ተነሳን። አውቶቡስ ለምነን፣ ዳቦና ሻይ አሰናድተን፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ ሐይቅ አደረግን።

ቀኑ መልካም ነበር፤ አንዋሽም። ሐይቁ ዳር ጥላ ፈልገን አስቀመጥናቸው። «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ እናመጣለን» ስንል ዋልን። ሲሳፈሩም ሲወርዱም ቆጠርናቸው። የዘፈኑን ምርጫ እንኳ ለእነሱ አልተውንም፤ ይኸ አሁን ሲታወሰን ያሳፍረናል። ወደ ማታ ላይ አንድ የቀድሞ የሒሳብ ሠራተኛ ጠጋ ብለው «ልጆች፣ መዋጮው ስንት ስንት ነው?» አሉን። «ኧረ አባባ፣ በነፃ ነው!» አልናቸው፤ ደስ የሚላቸው መስሎን። «እንግዲያስ እኔ እንግዳ ነኛ» አሉና ዝም አሉ።

በሁለተኛው ወር አልመጡም። ታመው ይሆናል ብለን ቤታቸው ብንሄድ ካፖርታቸውን ደርበው ሲወጡ አገኘናቸው። «ዛሬ የእድር ስብሰባ ነው፤ ከቀረሁ እቀጣለሁ» አሉን። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረበት። እዚያ የሚጠብቃቸው ሐይቅ የለ፣ ጥላ የለ፤ የቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ የስም ጥሪና ስለ ድንኳን የሚነሳ ጭቅጭቅ ነው። ታዲያ ሰው ሽርሽሩን ትቶ ቅጣት ያለበትን እንዴት ይመርጣል?

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «ጡረታ» ከ«ጦረ» የወጣ ነው። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎ» ብለን ስንመርቅ ሽማግሌውን ተጧሪ፣ ሌላውን ጧሪ አድርገን ነው። በአገራችን ሕግ የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ቁልፉን ያስረክባል፤ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛም የጡረታ ባለመብት ሆኗል። ገንዘቡ መብት ነው፣ ያውም የማይበቃ መብት። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋር አንድ ያልተጻፈ ደብዳቤ አብሮ ይሰጣል፤ «ከእንግዲህ ብትቀር የሚጠይቅህ የለም» የሚል። ትናንት አምስት ደቂቃ ቢያረፍድ አለቃው ፊት የሚቆም ሰው፣ ዛሬ እስከ ቀትር ቢተኛ ማንም አያውቅበትም።

ሮማዊው ኪኬሮ ስለ እርጅና በጻፈው መጽሐፍ አረጋዊውን ካቶን ያናግረዋል። ካቶም ሽማግሌን ከመርከብ መሪ ጋር ያመሳስላል፤ ወጣቶቹ ምሰሶው ላይ ሲወጡ እሱ መሪውን ይዞ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሥራው ግን ከእነሱ ይበልጣል። ጥሩ ብሏል። ሆኖም ካቶ የሮማ ሴናተር ነበር፤ 60 ዓመት ሞልቶሃልና መሪውን አስረክብ ያለው የለም።

በሌላው ዓለምም ይህ ነገር ሁለት መልክ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1973 ፕሮፌሰር ፒየር ቬላስ ፈረንሳይ አገር ቱሉዝ ላይ «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የተባለውን ሲከፍቱ፣ መምህራኑ ከዩኒቨርሲቲው ነበሩ፤ ጡረተኞቹ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ሐሳቡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ሲገባ ግን ተለወጠ። እነ ፒተር ላስሌት ያቋቋሙት ፈተናም ዲግሪም የለው፤ አባላቱ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ። ዛሬ ታሪክ ያስተማረው ነገ ሥዕል ሊማር ከወንበሩ ይቀመጣል። ሆራ ላይ እኛ የሠራነው የመጀመሪያውን ነው፤ ያውም ትምህርቱ ተቀንሶበት። የአባባ የቆርቆሮ ቤት ለካ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል።

ከመካከላችን አንዱ አጥብቆ ተቃወመን። «አርባ ዓመት የሠራ ሰው ምንም ያለመሥራት መብት የለውም? ሰው የሚከበረው ሲጠቅም ብቻ ነው ካላችሁ፣ መነሳት ያቃተውንስ የት ልትጥሉት ነው?» አለን። መልስ ለማግኘት ተቸገርን። በዚያ ላይ አንዲት ጡረተኛ ነርስ ይህን ክርክር ሰምተው ሳቁብን። «እኔ ከሆስፒታል ጡረታ ብወጣ ከማጀት ማን አወጣኝ? ተቀምጬ ሻይ ሲቀዳልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሽርሽሬን አትንኩብኝ!» አሉን። እውነታቸውን ነው። ስለ ጡረታ ስናወራ ወንዱን ብቻ እያሰብን ኖሯል።

ቢሆንም የወንድማችንን ጥያቄ መልሰን ስናስበው፣ ጥቅምና ድርሻ አንድ አይደሉም እንላለን። በእድሩ ስም ጥሪ ላይ የድንኳን እንጨት ማንሳት የማይችለውም ሽማግሌ ስሙ ይጠራል፤ ከሌለ «ቀሪ» ይባላል። እንደዚያ የሚባለው ቦታው ባዶ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ከሰፈራችን እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ከቤት የማይወጡ አንዲት እናት አሉ። የጽዋ ማኅበራቸው ግን ተራቸውን አልዘለለም። ወሩ ሲደርስ ማኅበርተኞቹ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን ደፍተው እሳቸው ቤት ይመጣሉ፤ በዚያ ቀን ደጋሽ የሚባሉት፣ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» የሚሉትም እሳቸው ናቸው። ምን ጠቀሙ? ምንም። ድርሻቸው ግን አልተነካም።

እንግዲህ ሦስተኛውን ጉዞ እንደገና አሰብነው። መዋጮ ተቆረጠ፤ መክፈል ለማይችል በዝምታ የሚታለፍ ሆነ። የት እንደሚኬድ እነሱ ተከራክረው እንጦጦን መረጡ። ነርሷ ከማንኛውም ሥራ ነፃ ተባሉ፤ በድምፅ ብልጫ። አባባም ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆኑ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ያረፈደ 10 ብር፣ የቀረ 20 ብር ይቀጣል» ብለው ጻፉ።

ከእኛ ሁለታችን ያን ቀን አረፈድን። ስማችን ተመዝግቧል፤ እስካሁን አልከፈልንም፣ አባባም ባገኙን ቁጥር ደብተሩን ከኪሳቸው ያወጡታል።