የሚጠብቅ ሰው ሳለ ሐሳብ ማብዛት

በኩታበርም ሆነ በመካነ ሰላም፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ደመወዝ የለውም፤ የሚያድረው በሚጽፈው ልክ ነው። ይህ ሰው አንዲት ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ቢውል የሚጐዳው ራሱን ብቻ ነውን?

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ከኩታበር ወረዳ ፍርድ ቤት የሚነሣ ይግባኝ ደሴ መድረስ አለበት። ገበሬው የፍርዱን ግልባጭ ይዞ ከቆላ እስኪወጣ ድረስ ከቀኑ ብዙው ያልቃል። እንግዲህ ጸሐፊው «ገና አልበሰለም» እያለ ወረቀቱን ሲያሳድር ለአደጋ የሚያጋልጠው የሌላውን ሰው መሬት ነው።

ችኰላስ አይጐዳምን? ይጐዳል እንጂ። የድንበሩን ምልክት ወይም የምስክሩን ስም አሳስቶ የጻፈ ደንበኛውን ለመረታት ይዳርጋል፤ ስለዚህ እየደጋገሙ መጠየቅ ግዴታ ነው። ነገር ግን ፍሬ ነገሩ ከተጣራ በኋላ የሚቀጥለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ «ዳኛው ስለ እኔ ምን ይሉ ይሆን?» የሚል ነው። ትጋት ይመስላል፤ እኔ ግን ራስን መውደድ ነው እላለሁ። የተማረ ሰው (እኛም ጭምር) በዚህ ይብሳል።

የቅኔ ተማሪ ቤት ይህን ያውቀዋል። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጐደሎዋን የሚያርሙለት እርሳቸው ናቸው። ዝም ብሎ የዋለ ግን የሚታረምለት ነገር የለውም። ማመልከቻ ጸሐፊም መምህር ባይኖረው ባለጉዳዩ አለለት። ረቂቁን ጮክ ብሎ ቢያነብለት ገበሬው «እንዲህስ አላልኩም» ይለዋል፤ እርሱም ያችን አስተካክሎ፣ አስፈርሞ፣ ሳይመሽ ያሰናብተዋል።