ቆጣቢና ቋጣሪ

ቆንቋና ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በሰፈር፣ በዘመድ አዝማድ መካከል «አቤት የሱስ ቆንቋናነት!» እየተባለ የሚተረክለት ሰው አይጠፋም፤ «ቆንቋናስ እኔ ነኝ» የሚል ግን እስከ ዛሬ አልተሰማም። ሰካራም መጠጣቱን፣ ቁጡ ሰው መቆጣቱን አንዳንዴ ያምናል። ቆንቋና ግን ለራሱ ሌላ ስም አውጥቷል። «ጥንቁቅ ነኝ» ይላል፤ «ማባከን አልወድም» ይላል፤ «ገንዘብ በቀላሉ አይገኝም» ይላል። የሚያስቸግረው ደግሞ ይህ ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ታዲያ ቆጣቢውን ከቋጣሪው የምንለየው በምንድን ነው?

ወደ ጥያቄው ከመግባታችን በፊት እስቲ ጥቂት ሰዎችን እናስታውስ። አንባቢም ከሚያውቃቸው ጋር እያስተያየ ይከተለኝ።

በሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ድንገት እንቅልፍ የሚወስደውን ሰው የማያውቅ የለም። ይህ ሰው ከጓደኛው ጋር ሲሳፈር ቀድሞ ገብቶ መስኮቱን ይዞ ይቀመጣል። ነፋስ ወዶ አይደለም፤ ረዳቱ መጀመሪያ የሚደርሰው በበሩ በኩል ካለው ሰው ዘንድ መሆኑን ስላጠና ነው። እጁን ወደ ኪሱ ይልካል፤ እጁ ግን ሩቅ አገር እንደ ሄደ ሁሉ የሚመለሰው ጓደኛው መልሱን ከተቀበለ በኋላ ነው። «ምነው! እኔ ልከፍል አልነበር እንዴ?» ይላል። ቅሬታው ከልቡ ይመስላል።

ካፌ ገብቶ አንድ ሻይ ካዘዘ በኋላ «እባክሽ አንድ ባዶ ብርጭቆ ጨምሪልን» የሚለው ሌላው ነው። ሻዩ ለሁለት ይከፈላል፤ ስኳሩ ግን ለሦስት የሚበቃ መሆን አለበት። ሲወጣም ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ሶፍት አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ «ተከፍሎበታል» ነው ምክንያቱ።

ጎረቤት ቡና የምትጠራዋን ሴትዮም አንርሳ። አቦሉን ከነልጆቿ ትጠጣለች፤ ቶናው ለባሏ ነው፤ ጎረቤት የሚጠራው በረካው ሲቀዳ ነው። «በረካ እኮ በረከት ነው» ትላለች እንግዶቿ ስኒው ውስጥ ያለው ቡና ይሁን ሙቅ ውሃ ለመለየት ሲቸገሩ።

የሠርግ ስጦታን የሚያዘዋውሩ ደግሞ አሉ። አንድ ደርዘን ብርጭቆ ሳይፈታ ከሠርግ ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ቤት ምርቃት ሲጓዝ ይኖርና ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ ከገዛው ሰው ቤት ተመልሶ ይገባል። ሰውየውም የሚያውቀው በብርጭቆው አይደለም፤ ማሸጊያው ላይ ራሱ በለጠፈው ፕላስተር ነው።

ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ የመጣው ጥበብ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የማውቀው አንድ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚስ ኮል ሕግ አውጥቷል። ስልኩ አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ» ማለት ነው፤ ሁለቴ ከሆነ «እራት አቆዩልኝ»፤ ሦስቴ ከሆነ «ደውሉልኝ»። አንድ ቀን ሚስቱ ረስታ ስልኩን አንሥታ «ሃሎ» ብትለው ማታ ቤት ውስጥ ሰላም አልነበረም።

የኅትመት ወዳጆችም በዚህ አንታማም አንልም። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣና መጽሔት በሳንቲም ተከራይቶ ማንበብ በተለመደበት ዘመን፣ ያቺን ኪራይ እንኳ ለመክፈል የሚሳሳ ሰው ከተከራዩ ትከሻ ኋላ ቆሞ ያነብ ነበር። ተከራዩ ገጹን ሊገልጥ ሲል «ቆይ ወንድም፣ አልጨረስሁም» ያለም አለ ይባላል።

እዚህ ድረስ ሳቅን። አሁን ደግሞ የማያስቁንን እንይ።

ፌስታል አጥባ ገመድ ላይ ታሰጣ የነበረችውን እናት ማን ይስቅባታል? የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ለበርበሬ፣ የዘይት ጀሪካን ለውሃ፣ ያለቀ ሸሚዝ ለወለል መወልወያ፣ የታላቅየው ሱሪ ለታናሽየው ሲውል ያደግን የከተማ ልጆች ብዙ ነን። በደርግ ዘመን ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ኅብረት ሱቅ በወረፋ ሲገኝ፣ ያለቀች የሳሙና ቁራጭ አዲሱ ላይ ተለጥፋ እስክትሟሟ ታገለግል ነበር። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራን የሚያህል ሰፈር የቆመው ሌላው ሰው «አለቀ» ብሎ የጣለውን «ገና ነው» በሚሉ ሰዎች እጅ ነው። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ የሠራ ሰው ብልህ ይባላል እንጂ ቆንቋና አይባልም።

እንግዲህ ነገሩን ልብ እንበል። ሳሙና የምትለጥፈዋ እናትና ሶፍት የሚያጥፈው ሰውዬ እጃቸው የሚሠራው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ሁለቱም ትንሿን ነገር አልናቁም። አንዷን እናከብራታለን፤ በሌላው እንስቃለን። ስለዚህ ልዩነቱ በገንዘቡ መጠን ሊሆን አይችልም። እንዲያውም ከሁሉ የባሰ ቆንቋና ብዙ ጊዜ ብዙ ያለው ነው።

ጥያቄው ያረጀ ነው። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ልግስናን በአባካኝነትና በንፍገት መካከል አስቀምጦታል። ከሁለቱ ጥፋቶች ደግሞ ንፍገት ይብሳል ባይ ነው። ምክንያቱም አባካኙን ዕድሜና ችግር ሊያስተምሩት ይችላሉ፤ ንፉጉን ግን ዕድሜ ይብስበታል እንጂ አያድነውም። የአርስቶትል ተማሪ ቴዎፍራስጦስ የሰውን ጠባይ ዓይነት በዓይነት በሣለባት ትንሽ መጽሐፉ ለቆንቋናም ቦታ ሰጥቶታል። ሚስቱ አንዲት ሳንቲም ብትጥል አልጋና ሣጥን እያነሣ ቤቱን የሚያተራምስ፣ ለጎረቤት ጨው ወይም የመብራት ክር እንዳታበድር የሚከለክላት ሰው ነው። ከ2,300 ዓመት በፊት አቴና ውስጥ የተሣለው ይህ ሰው ዛሬ ከእኛ ሰፈር ቢገባ ማንም እንግዳ አይለውም።

የጨዋ ነገር ግን ትኩረት ይሻል። ጨውና የመብራት ክር ዋጋቸው ኢምንት ነው። በእኛም አገር ሴቶች ማለዳ ከጎረቤት እሳት ይጭሩ ነበር፤ እሳት ሲጭሩት ደግሞ ለሰጪው አይጎድልበትም። እሳት የከለከለ ሰው ያተረፈው አንዳች ገንዘብ የለም። የቆጠበው ሰውን ነው።

ለእኔ ሚዛኑ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። አንድ ሰው ሳንቲም ሲያተርፍ ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ ከማን ድርሻ ተቆረጠ? ለማንስ ዋለ?

ታክሲ ውስጥ የሚያንቀላፋው ሰው ያተረፈው ከራሱ አይደለም፤ ጓደኛው ከፍሏል። ሚስ ኮል አድራጊው የስልክ ወጪውን አላጠፋም፤ ወደ ተቀባዩ አዛወረው እንጂ። በረካ የምትጋብዘው ሴትዮም የጋባዥነቱን ስም ወስዳ ቡናውን አስቀርታለች። የምንስቅባቸው ለዚህ ነው፤ የተራቀቁበት ጥበብ ሁሉ የራስን ዕዳ በሰው ትከሻ ላይ የማስቀመጥ ጥበብ ነው። የጓደኛሞች ነገር ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ስለሆነ ይሣቃል፤ ይታለፋል።

ዳሩ ግን ይኸው ጠባይ ወደ ታች ሲወርድ ሣቁ ይቆማል። ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርት በመደብ ከምትሸጥ እናት ጋር ሩብ ሰዓት ተከራክሮ ዋጋ ካስቀነሰ በኋላ «መርቂ እንጂ!» ብሎ ሁለት ራስ ጨምሮ የሚወስድ ሰው አለ። ይኸው ሰው ከዚያ ተነሥቶ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ገብቶ የተለጠፈውን ዋጋ ቃል ሳይተነፍስ ይከፍላል፤ እዚያ መከራከር ያሳፍረዋላ! የቤት ሠራተኛዋ የበላችውን እንጀራ የሚቆጥር አለ። የወር ደመወዟን «እኔ ዘንድ ይቀመጥልሽ» እያለ የሚያቆይ አለ። እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የሚባል ነገር የለም። አቅም የሌለውን ሰው ድርሻ መንጠቅ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ቆንቋናነት ፈሪ ጠባይ ነው፤ የሚጠነክረው በደካማው ላይ ነው።

«ከራሱ ጉሮሮ እንጂ ከማንም ያልነጠቀስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጥሩ ገቢ እያለው ሽሮ በሽሮ የሚኖር፣ ሲታመም «ሐኪም ቤት ገንዘብ ይበላል» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ የሚተኛ፣ ብሩን በፍራሽ ሥር የሚያነጥፍ ሰው ማንን በደለ? አንደኛ ራሱን በድሏል፤ ራስም ሰው ነው። ሁለተኛ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄያችን ይቀራል፤ ለማን ዋለ?

ብር ቋጠሮ ውስጥ ሲያስቀምጡት የሚተኛ ነገር አለመሆኑን የሀገራችን ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። የብር ኖቶች በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. ተለውጠዋል። በ2013ቱ ለውጥ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በሦስት ወር ውስጥ በአዲስ እንዲቀየሩ ሲታዘዝ ከየፍራሹና ከየማሰሮው ያልታሰበ ገንዘብ ብርሃን አየ። ኖቱ ባይለወጥም ዋጋው ይለወጣል። በ1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ጫማ ሳይገዛ ብሩን የቋጠረው ሰው፣ ከዓመታት በኋላ ቋጠሮውን ሲፈታ የጫማውን ማሰሪያ የሚገዛ ብር ያገኛል። ጫማውንም አላደረገው፤ ብሩንም አላዳነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው።

«ለልጆቼ ነው» የሚለው መልስስ? ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ እውነት ሲሆንም ያስከብራል። ነገር ግን ልጆቹ አሁን ልጆች ናቸው። መጽሐፍ የሚያስፈልጋቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ከአባታቸው ጋር ወጥተው ኬክ መብላት የሚያምራቸው ዛሬ ነው። ቆጣቢ «ነገ» ሲል ቀን አለው፤ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፈልበት መስከረም፣ የቤቱ ጣሪያ ክረምት ሳይገባ የሚታደስበት ግንቦት። የቋጣሪው ነገ ቀን የለውም። በደረሱበት ቁጥር ይሸሻል።

የእኛ ሰዎች ይህን ልዩነት ያለ ፈላስፋ እርዳታ ያወቁት ይመስለኛል። ዕቁብን እንመልከት። ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ከራሱ ይቆርጣል፤ የቆረጠው ግን ሣጥን ውስጥ አይታሰርም። ዛሬ ለአንዷ ወጥቶ የልብስ ስፌት መኪና ይሆናል፤ በሳምንቱ ለሌላው ወጥቶ የሱቅ ዕቃ ይሆናል። ገንዘቡ በሰው በሰው እየዞረ ይቆጠባል፤ ቀንም አለው፤ ዳኛም አለው። ከፋዩ ዕጣው ቢዘገይበት እንኳ ብሩ ዛሬ በማን ቤት እንደ ገባ ያውቃል።

ሚዛኑ ግን ሌላውንም ወገን ይመዝናል። እኛ ሳቂዎቹ አንዳንዴ የምንበድለው ሰው አለ። ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ለራሷ አንድ ቀሚስ ሳትገዛ የወር ደመወዟን ወደ ቤት ትልካለች። ከላከችላቸው መካከል አንዱ የጠየቀው ስልክ ሳይመጣ ሲቀር «አገር ከወጣች ቆንቋና ሆነች» ይላል። ከማን እንደ ተቆረጠ ቢጠይቅ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱም ምሳ አብሮ የማይወጣ፣ «አልራበኝም» እያለ ጠረጴዛው ላይ የሚቀር ሰው አለ። ምናልባት ሦስት ታናናሾች ያስተምር ይሆናል። ደግሞም «ቆንቋና አሉኝ» ብሎ ከመፍራት የተነሣ ለሠርግ ተበድሮ ደግሶ ዓመት ሙሉ ዕዳ ሲገፋ የሚከርም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ድግስ ልግስና አይደለም፤ በልጆች ምሳ የተገዛ ስም ነው። ኑሮ በከበደ ቁጥር ቆጣቢው ይበዛል፤ ቆጣቢ በበዛ ቁጥር ደግሞ ቆንቋና ብሎ መስደብ ይቀላል። ስለዚህ ከመሳቃችን በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ማንሣት ዕዳችን ነው።

በሀገራችን እስከ ሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በብዙ ቦታ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምር ነበር። አሞሌ አንድ ደግ ጠባይ ነበረው፤ ሲፈልጉ ይገዙበታል፣ ሲፈልጉ ወጥ ያጣፍጡበታል። ሸሽገው ቢያስቀምጡት ግን ክረምት ሲገባ እርጥበት ያሟሟዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ያወጡት ሰዎች ጨው ገንዘብም የነበረበትን ዘመን ያውቁ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። ተረቱ ለብርም ይሠራል።